ለሰባ ሰው የሚበቃው ምድጃ

ሰውየው ሞቶ የተገኘው በመስታወት በታጠረው የጓሮ በረንዳ ውስጥ፣ አዲሱ የጭስ ምድጃው አጠገብ፣ ረጅም ወንበር ላይ እንደተንጋለለ ነበር። አፉ ተከፍቷል። ፊቱ ደግሞ ሬሳ ሆኖ ሳለ ከእረፍት የተመለሰ ሰው ይመስል ቀልቷል። ሰፈሩ «አንደኛ» ይለው ነበር፤ አክብሮት እንዳይመስላችሁ። በሩ ከሰፈሩ በር ሁሉ ካልሰፋ፣ መኪናው ከመኪና ሁሉ ካልረዘመ እንቅልፍ በዓይኑ የማይዞር ሰው ስለነበረ ነው።

መርማሪዋ ከበረንዳው ደፍ ላይ ቆማ ሬሳውን ትታ ምድጃውን ታየው ጀመር። ባልደረቦቿ ከጀርባዋ «እሬት» ይሏታል። ታውቃለች፤ ቅር ብሏትም አያውቅም።

«ይሄ ምንድነው?»

«ምድጃ ነው ኢንስፔክተር» አለ አብሯት የመጣው ሃምሳ አለቃ። «በከሰል አይሠራም። የተጨመቀ የእንጨት እንክብል እዚህ ጎን ያለው ቋት ውስጥ ይደፋል። ከዚያ በኤሌክትሪክ ራሱ እየገፋ ወደ እሳቱ ይጨምረዋል፣ ማራገቢያው ያራግብለታል፣ ሥጋው በጭስ ቀስ እያለ ይበስላል። ለሰባ ሰው የሚበቃ ሥጋ ባንዴ ያወጣል አሉ።»

«እዚህ ቤት ስንት ሰው ይኖራል?»

«ባልና ሚስት። የሚስትየዋ ወንድም ደግሞ ከኋላ ባለው ቤት።»

«እና ድመት» አለች፣ በመስታወቱ ወዲያ ሆና ሁለቱንም በንቀት የምታያቸውን ግራጫ ድመት እያየች። ከቤቱ ሰው ሁሉ በመጀመሪያ እይታ የወደደቻት እሷን ብቻ ነው።

ነገሩ ላይ ላዩን ሲታይ ቀላል ነበር። ከጠዋት ጀምሮ ዝናብ ሲያወርድ ውሏል። ሚስት ከጸጉር ቤት ስትመለስ በረንዳው በጭስ ተሞልቶ፣ ባሏ በጭሱ መሃል ተኝቶ አገኘችው። በሮቹን በረጋግዳ ሶኬቱን ነቀለችና ጮኸች። ሐኪሙ መጥቶ የጭስ መርዝ ነው አለ። ሻጩ ምድጃውን ሲያስረክብ ከቤት ውጭ ካልሆነ እንዳይለኮስ ደጋግሞ አስጠንቅቆ ነበር። በረንዳው ውስጥ የሚቆመው ዝናብ እንዳይመታው ብቻ ነው፤ ሊበሰልበት ሲሆን ተገፍቶ ወደ ጓሮው ይወጣል። ስለዚህ ሁሉም ተስማማ፤ አንደኛ ዝናቡን ሸሽቶ እዚያው ለኮሰው፣ ጭሱም ጨረሰው። ሰፈሩ ሬሳው ሳይነሳ «ሆዱ ገደለው» ብሎ ፋይሉን ዘግቶለታል።

«ክዳኑን የከፈተ ሰው አለ?» አለች መርማሪዋ።

«የለም። ሚስትየዋ ሶኬቱን ብቻ ነው የነቀልኩት ብለዋል። እኔ ከመጣሁ ወዲህ ከአጠገቡ አልተነሳሁም።»

ጓንቷን አጥልቃ ከፈተችው። በዚያ ሁሉ ሰፊ ፍርግርግ ላይ አንዲት ቁራጭ ፍርምባ ብቻዋን ተጋድማለች፤ ሰው ያልመጣበት አዳራሽ መሃል እንደተቀመጠች እንግዳ። ከላይ ግራጫ ሆናለች። በቢላ ስትወጋት መሃሏ ገና ቀዝቃዛ ጥሬ ነው። ጨው አልነካትም፣ ቅመም አልነካትም። ከሥሯ ደግሞ የፍሪዘር ላስቲክ ቁራጭ ቀልጦ ተጣብቋል።

ክዳኑን መልሳ ዘጋችው። «ስለዚህ ሥጋ ለማንም ትንፍሽ እንዳትል።»

ከቋቱ አንድ እፍኝ እንክብል ዘግና አሸተተች። ነጣ ያለ ነው፤ እንደ አናጢ ቤት ሙጫ ሙጫ ይሸታል። ግድግዳው ሥር ደግሞ ጓጉንቸር የተንጠለጠለበት የብረት ሣጥን አየች።

*

ሚስትየዋ ሳሎን ውስጥ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። ጸጉሯ ገና ከጸጉር ቤት እንደወጣ ነው፤ ላለማበላሸት ስትል ጭንቅላቷን እንኳ ወደ ሶፋው አላስደገፈችም።

«ያ ጓጉንቸር ያለበት ሣጥን ምን ይዟል?»

«እንክብል ነዋ! የወይራ እንክብል፣ ከሩቅ አገር ያስመጣው። ካፒቴኑ፣ ጎረቤታችን፣ በምን እንጨት እንደሚያጨስ እንዳያውቅበት ነው የሚቆልፍበት። ይታይዎታል? የመኝታ ቤታችን ጣሪያ ያፈሳል፣ ባልዲ ደቅነን ነው የምንተኛው። እሱ እንጨት ይቆልፋል።»

«ቁልፉስ?»

ሚስትየዋ ተነስታ ከመኝታ ቤት የራስጌ መሳቢያ ቁልፉን ይዛ መጣች። «ከእኔ የደበቀ ይመስለዋል» አለች። ሣጥኑ ሲከፈት እስከ አፉ ሙሉ ነበር፤ ውስጡ ያለው እንክብል ጠቆር ያለ፣ ሙጫ የማይሸት።

«ጠዋት ሲወጡ ባለቤትዎ ምን ያደርጉ ነበር?»

«ተኝቶ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ የወገቡን መድኃኒት ይውጥና ምድጃውን እያየ እዚያ ወንበር ላይ ይጋደማል። ያን መድኃኒት ከዋጠ ጆሮው ሥር ከበሮ ቢመታ አይሰማም። ይሄን የማያውቅ የለም።»

«ምድጃውን በስልክ ማዘዝ ይቻላል ሲሉ ሰማሁ።»

ሚስትየዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ለማለት ዳዳት። «ማዘዣውን ሁላችንም ስልክ ላይ አስጭኖብናል። እኔ፣ ወንድሜ፣ ወንድሙ፣ ካፒቴኑ እንኳ ሳይቀር። ሥጋው ስንት ዲግሪ ደረሰ እያልን እንድናደንቅለት። ቋቱ ውስጥ እንክብል ካለና ሶኬቱ ከተሰካ፣ የትም ሆነው መለኮስ ነው።»

መርማሪዋ ይህን ስትሰማ ጠዋት ማን የት እንደዋለ ለመጠየቅ የነበራትን ፍላጎት ግማሹን አጣች።

*

የሟቹ ታናሽ ወንድም የጥርስ ሐኪም ነው። ሰውን ሲያነጋግር ዓይን ዓይኑን አያይም፤ የሚያየው ጥርሱን ነው። የጨበጣት እጁ ነጭ ሽንኩርት ይሸታል።

«ይቅርታ» አለ፣ መሽተቱን አውቆ። «ትናንት ከሰዓት እኔና ጋሼ ቅመም ስናሽ ነው የዋልነው። ሦስት ትልልቅ ፍርምባ። በፎይል ሸፍነን ልብስ ማጠቢያው ክፍል ያለው ፍሪጅ ውስጥ አስቀመጥነው። ‹እስከ እሁድ የሚነካው ሰው ጣቱን እቆርጠዋለሁ› አለ ጋሼ። ከዚያ እኔ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ዛሬ ክሊኒክ ነበርኩ።»

«እሁድ ምን አለ?»

«ግብዣ። ሰባ ሰው ነው የጠራው። እኔ በበኩሌ መካከለኛውን ግዛ ብዬው ነበር፤ ሃያ ሠላሳ ሰው የሚያበላውን። ማን ሊሰማኝ! የካፒቴኑ ምድጃ እኮ አርባ ሰው ያበላል። ደግሞ እሁድ ከሚመጡት ውስጥ የትልቅ ኩባንያ አለቆች አሉ፤ የሚስቱን የእቴቴን ወንድም ዋና መሐንዲስ አድርገው ሊቀጥሩት የሚያስቡ። ጋሼ ‹ሰባውንም ሰው የሚያስቅ ጨዋታ አለኝ› ሲል ነው የሰነበተው።»

«ምን ዓይነት ጨዋታ?»

«አልነገረኝም። የጋሼን ጨዋታ ደግሞ ጠይቄ አላውቅም። ሁልጊዜ አንድ የሚያለቅስ ሰው ይኖርበታል።»

ጡረታ የወጣው አብራሪ፣ ጎረቤትየው ካፒቴን፣ ከዝናቡ ጋር በነጭ የቴኒስ ልብስ መጣ። ሐዘኑን በሁለት ዓረፍተ ነገር ጨርሶ ወደ ምድጃው ገባ።

«የእኔ ያነሰ ነው ግን ብረቱ ወፍራም ነው። እዚህ ሰፈር የጭስ ሥጋ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ዓመቱን ሙሉ የሚበቃ የወይራ እንክብል ጋራዤ ውስጥ ተደርድሯል፤ መጥተው ማየት ይችላሉ። እሱ ግን…»

«ወይራ?»

«ወይራ። በምን እንደሚያጨስ ያላወቅሁበት መስሎት ይቆልፋል፤ እኔው ካስመጣሁበት ቦታ ነው እኮ ያስመጣው።»

«ትናንት እዚህ መጥተው ነበር?»

«እንዴት ይቀራል? ሊያሳየኝ ጠራኝ። አየሁ፣ ሄድኩ። በነገራችን ላይ፣ አቀማመጡ ራሱ ስህተት ነው…»

መርማሪዋ መናገሩን ሳይጨርስ አመስግና አሰናበተችው። ሃምሳ አለቃው ካፒቴኑ በሩን ሲዘጋ ጠብቆ፣ «እኚህ ሰውዬ በቅናት ሊሆን አይችልም?» አላት።

«ሊቀና ይችላል። ሰው ለመግደል ግን ስለ ራሱ ማውራቱን ለትንሽ ጊዜ ማቆም ነበረበት።»

የሚስትየዋ ወንድም መጨረሻ ገባ። ሸሚዙ ኪስ ላይ ሦስት እስክሪብቶ ደርድሯል። ሳሎን ውስጥ እንኳ ቢጫውን የግንባታ ቆብ ከብብቱ አላወረደም።

«ምድጃውን የመረጡት እርስዎ ነዎት ይባላል።»

«እኔ ነኝ» አለና ተመቻችቶ ተቀመጠ። «ወራት ነው የፈጀብኝ። ሰው ትልቅ ምድጃ ሲያይ ለመግዛት ይቸኩላል። ክዳኑ ድርብ ነው ወይ፣ ሙቀት አያሾልክም ወይ፣ ቋቱ ሳይሞላ ቀኑን ሙሉ ይሠራል ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ትልቅ ምድጃ ማለት ትልቅ ሆድ ማለት አይደለም። ሙቀቱ ከዳር እስከ ዳር እኩል መሆን አለበት። እኔ ሁሉንም አስልቼ ነው።»

«አብስለውበት ያውቃሉ?»

«እኔ?» ሳቀ። «እኔ ወጥ ቤት አልገባም። የእኔ ሥራ ስሌት ነው።»

«ጠዋት የት ነበሩ?»

«ግንባታ ላይ። ሠራተኛው ሁሉ አይቶኛል።»

«ታዲያ ምን የሆነ ይመስልዎታል?»

«ምን ይሆናል? ዝናቡን ፈርቶ ውስጥ ለኮሰው። ለአንዲት ቁራጭ ፍርምባ ብሎ ያን ሁሉ እሳት! ነፍሱን ይማረውና፣ ጅልነት ነው።»

መርማሪዋ ሦስቱን እስክሪብቶዎች አየቻቸው። «ጅልነት እንኳ ነው» አለች።

*

ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ ፍሪጁን ስትከፍት ሦስቱ ፍርምባዎች በፎይል እንደተሸፈኑ ተቀምጠዋል። አጠገቡ ያለው ፍሪዘር ተራ ሥጋ በላስቲክ ተጠቅልሎ ተሞልቶበታል። ጥግ ላይ የድመቷ መፀዳጃ ሳህን አለ፤ የተቀዳደደ ጋዜጣ ተነጥፎበታል። ድመቷ ጋዜጣውን በአንድ እግሯ ነካ አድርጋ ወደ መርማሪዋ ዞረች፤ ይሄ ነው አያያዛችሁ የምትል ይመስላል።

ሚስትየዋ ተጠራች።

«ሁልጊዜ ጋዜጣ ነው የሚነጠፍላት?»

«ኧረ አይደለም። የጥድ እንጨት ሰጋቱራ ነው የምደፋላት። ተጨምቆ በከረጢት የሚሸጥ፣ ለድመት ተብሎ የሚሠራ። ትናንት ጠዋት አዲስ ከረጢት ገዝቼ ነበር። ዛሬ ልቀይርላት ስል ከረጢቱ ባዶ። ቸኩዬ ስለነበር ጋዜጣ ቀዳድጄ ሄድኩ።»

መርማሪዋ ጎንበስ ብላ ከሳህኑ ሥር ተንከባልላ የቀረች አንዲት ፍሬ አነሳች። ከኪሷ ደግሞ ከቋቱ የወሰደችውን አወጣች። መዳፏ ላይ አጠገብ ለአጠገብ አደረገቻቸው። ቀለማቸው አንድ፣ ውፍረታቸው አንድ፣ ሽታቸው ያው ሙጫ።

ለራሷ ሳቀች፤ የማያምር ሳቅ። ያ ሁሉ ውፍረት፣ ያ ሁሉ ስሌት፣ ያ ሁሉ ወራት፣ እና ሰውየው የተገደለው በድመት መፀዳጃ ነው።

«ሁሉንም በረንዳው ላይ ሰብስብልኝ» አለችው ሃምሳ አለቃውን።

*

ዝናቡ አባርቷል። ሬሳው ተነስቷል፣ ረጅሙ ወንበር ግን ባዶውን አለ፤ ማንም አልተቀመጠበትም። አራቱም ምድጃውን ከበው ቆሙ።

«ሟቹን ከእናንተ መካከል አንዱ ገድሎታል» አለች መርማሪዋ፣ አውቶቡስ ዘግይቷል እንደምትል ዓይነት።

ካፒቴኑ ሊናገር አፉን ሲከፍት እጇን አነሳችበት።

«ኋላ ይናገራሉ። ሟቹ ለቅመሙ ነፍሱን የሚሰጥ ሰው ነበር። ይሄ ምድጃ ውስጥ ያለው ሥጋ ግን ቅመም አላየም። ከፍሪዘር እንደወጣ፣ ላስቲኩ ሳይላጥለት ነው የተወረወረው። ለእሁድ የተዘጋጀው ፍሪጅ ውስጥ አለ። ይህን ሥጋ ሟቹ አላስገባውም። ያስገባው ሰው የፈለገው አንድ ነገር ነው፤ ሟቹ ሊያበስል ብሎ የሞተ እንዲመስል። በዚህ እንስማማ።»

የቋቱን ጎን በጣቷ መታ መታ አደረገች።

«ቋቱ ውስጥ ያለው ደግሞ የማብሰያ እንክብል አይደለም። የድመቷ መፀዳጃ ነው።»

«ምን?» አለ ካፒቴኑ። ሰው መሞቱን ሲሰማ እንኳ እንዲህ አልደነገጠም። «በጥድ? በጥድ ሥጋ?»

«በጥድ። ማታ ሰው ሲተኛ ወይም ሲወጣ አንዱ ከረጢቱን ቋቱ ውስጥ ገለበጠው፣ ሥጋውን አስገባ፣ ሶኬቱን ሰካ። ዛሬ ጠዋት ሟቹ መድኃኒቱን ውጦ እንደተኛ፣ በሮቹም በዝናቡ ምክንያት እንደተዘጉ ስላወቀ ካለበት ሆኖ በስልኩ ለኮሰው። ስለዚህ ጸጉር ቤት ነበርኩ፣ ክሊኒክ ነበርኩ፣ ግንባታ ላይ ነበርኩ የሚለው ለእኔ ምንም ነው። የማን ስልክ እንደለኮሰው የምድጃው ኩባንያ ይነግረኛል፤ ግን መልሳቸው ሲጓተት ይቆያል፣ እኔ ደግሞ ከእናንተ ጋር ያን ያህል መቆየት አልፈልግም።»

ወደ ሚስትየዋ ዞረች።

«አደጋ ማስመሰል የፈለገ ሰው፣ ትክክለኛው እንክብል በእጁ እያለ የድመት አይደፋም። እርስዎ የሣጥኑን ቁልፍ ያለበትን ያውቃሉ። ዓይኔ እያየ አመጡልኝ። እርስዎ ቢሆኑ ወይራውን ይጨምሩ ነበር፣ እኔም አሁን ቤቴ እሆን ነበር። ካፒቴን፣ የእርስዎ ጋራዥ በወይራ የተሞላ ነው፤ አንድ ባልዲ ይዘው መምጣት ይበቃዎት ነበር። ደግሞ እርስዎ ሰው ቢገድሉ እንኳ በጥድ አይገድሉም።»

«በፍጹም!» አለ ካፒቴኑ፣ እንደ ተሞገሰ ሰው።

«ዶክተር፣ እርስዎ ሦስቱን ፍርምባ በእጅዎ አሽተው ፍሪጅ ውስጥ አስገብተዋል። ሟቹ ሲያበስል እንዲመስል ከፈለጉ የታሸውን ያስገቡ ነበር እንጂ ፍሪዘር ሲቆፍሩ አያድሩም።»

ከዚያ በኋላ ስም መጥራት አላስፈለጋትም። ሁሉም ወደ መሐንዲሱ ዞሩ። ቆቡን ከብብቱ አውጥቶ በሁለት እጁ ይዞታል።

«ይሄ ግምት ነው» አለ። «ስለሌሎቹ ስላወቁ ብቻ እኔ ነኝ ማለት አይደለም።»

«ልክ ነዎት። ራስዎ ባይነግሩኝ ኖሮ ገና ስጠራጠር እቆይ ነበር። ‹ለአንዲት ቁራጭ ፍርምባ ብሎ ያን ሁሉ እሳት› አሉኝ። ይህን ክዳን ከእኔና ከሃምሳ አለቃው በቀር የከፈተው የለም። ለሰባ ሰው የሚበቃ ምድጃ ውስጥ አንዲት ቁራጭ፣ ያውም ፍርምባ፣ እንዳለች ያስገባት ሰው ብቻ ነው የሚያውቀው።»

መሐንዲሱ ቆቡን በእጁ አዞረው። «ገምቼ…»

«ማንም እንደዚያ አይገምትም። እኔ ራሴ ክዳኑን ስከፍት አንድ በሬ የማገኝ መስሎኝ ነበር። ወራት ሙሉ ስለ ክዳን ውፍረት ተጨነቁ። እንጨት ግን ሁሉም እንጨት መሰለዎት። አንድ ቀን አብስለው ቢያውቁ ኖሮ ሥጋ ሳይታሽ ምድጃ እንደማይገባ አውቀው ከፍሪዘሩ አጠገብ ያለውን ፍሪጅ ይከፍቱ ነበር።»

ሚስትየዋ ወደ ወንድሟ አንድ እርምጃ ተራመደች። «ተናገር እንጂ! አይደለሁም በላት!»

መሐንዲሱ እሷን ሲያይ ተሸነፈ። መርማሪዋ ያሸነፈችው እሷ ሳትሆን እህቱ እንደሆነች አወቀች።

«እትዬ፣ እሁድ ምን ሊል እንደነበር ታውቂያለሽ? ትምህርቴን አልጨረስኩም። ሁለተኛ ዓመት ላይ ነው ያቋረጥኩት። በሌላ ሰው ፊርማ ነው እስከዛሬ የሠራሁት። እሱ ከየት እንደሰማ አላውቅም፣ ብቻ አወቀ። በየምሳው ‹ኢንጂነር፣ እስኪ ጨው አቀብለኝ› ይልና ይጠቅሰኛል። አንቺ ትስቂያለሽ፤ የምትስቂው ምኑን እንደሆነ ሳታውቂ።»

«ወይኔ!» አለች ሚስትየዋ።

«‹ሰባ ሰው የሚያበላውን ምረጥልኝ› አለኝ። መረጥኩለት። ደስ ብሎኝ ነው የመረጥኩለት፤ ሥራዬን ያከበረልኝ መስሎኝ። ለምን ሰባ ሰው እንደፈለገ የነገረኝ ከተገዛ በኋላ ነው። የሚቀጥሩኝን ሰዎች ጠርቶ፣ ሥጋ እያጎረሰ ሊስቅብኝ።»

«መሳቂያ ላለመሆን ሰው ገደሉ» አለች መርማሪዋ። «ሲስቁብዎት ቢውሉ እኮ ሰኞ ሌላ ሥራ መፈለግ ነበር። እሱም ክፉ ነበር፤ አላዝንለትም። ግን በእንቅልፉ ነው የገደሉት፣ ከሩቅ ሆነው፣ አንድ ጣትዎን አንቀሳቅሰው። ይህን እንኳ ፊት ለፊት ማድረግ አልሆነልዎትም።»

ሃምሳ አለቃው ካቴናውን ሲያወጣ መሐንዲሱ እጁን ለመስጠት የያዘው ቆብ አስቸገረው። የት እንደሚያስቀምጠው አላወቀም። እህቱ ተቀበለችውና ደረቷ ላይ አቅፋ ይዛ ቀረች። ውጭ የቆሙት ፖሊሶች ወስደውት መኪናው ተነሳ።

መጀመሪያ የተናገረው ካፒቴኑ ነው። ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ድምፁን እንደ ሐዘንተኛ ዝቅ አድርጎ፣ «ጊዜው እንዳልሆነ አውቃለሁ» አለ፣ «ግን… ምድጃውን የምትሸጪው ከሆነ…»

የጥርስ ሐኪሙ ክንዱን ይዞ ጎትቶ አስወጣው። በሕይወቱ የሠራው ትልቁ ጀግንነት ሳይሆን አይቀርም።

ሚስትየዋ ግን ካፒቴኑን የሰማችው አይመስልም። ጸጉሯን ረስታ ባዶው ወንበር ላይ ተቀምጣለች።

«እሁድ የጠራናቸው ሰዎች አሉ» አለች፣ ለማንም ሳይሆን። «ሰባ ሰው። ማን ያስቀርልኛል? እንዲህ ያለውን ሁሉ የሚያስተካክልልኝ ወንድሜ ነበር።» ይህን ብላ በሩን አየችና ለመጀመሪያ ጊዜ ማልቀስ ጀመረች። ባሏን ይሁን ወንድሟን የምታለቅሰው መርማሪዋ ለመለየት አልሞከረችም።

ለመውጣት ጓንቷን አውልቃ ነበር። ቆም አለች። ከዚያ ጎንበስ ብላ የሴትየዋን ስልክ ከጉልበቷ ላይ አነሳችና ለሃምሳ አለቃው አቀበለችው።

«ተቀመጥና ደውልላት» አለችው። «ግብዣው ቀርቶ ቀብር ሆኗል፣ የሚበላ ነገር የለም በላቸው። ሲሞት እንኳ የማይመጡት የትኞቹ እንደሆኑ ያኔ ይለይላታል።»